የቢላው ክብደት

ሎሬታ ኖቫክና ቨርኔል ግራንት ቡፋሎ ከተማ፣ ዋርዴል ቴአትር ቤት መድረክ ላይ ሲጣሉ፣ ሲታረቁና ሲላቀሱ ነው ፀጉራቸው የሸበተው። እናትና ልጅ ሆነው ሠርተዋል፤ እመቤትና ገረድ ሆነው ሠርተዋል፤ እንዲያውም አንድ ጊዜ ወንዱ ተዋናይ ታሞ ቀርቶባቸው ሎሬታ ፂም ለጥፋ የቨርኔል ባል ሆና ወጥታለች። ከመድረክ ውጭም አንዷ ያለ ሌላዋ ምሳ አትበላም። ሎሬታ ከባሏ ስትፋታ ሶፋዋን በጀርባው አዝሎ ያወጣላት የቨርኔል ባል ኤመት ነው። የቨርኔል እናት ሲቀበሩ ደግሞ የዘመረችው ሎሬታ ነበረች፤ ያውም ድምፅ የሚባል ነገር ሳትታደል።

በዚያ ዓመት ዋርዴል አራት ሥራ አሰናድቶ ነበር። ሁለቱ ድሮ የታዩና እንደገና የተነሡ፣ ሁለቱ ደግሞ ማንም አይቷቸው የማያውቅ አዲስ። በጥር የሚታየው ከአሮጌዎቹ አንዱ ነው፤ ሐይቅ ዳር ያለ ቤት ወርሰው፣ ሳይዋደዱ አብረው ስላረጁ እህትማማቾች የሚናገር ተውኔት። በሦስተኛው ገቢር ታላቅየዋ ታናሽየዋን በወጥ ቤት ቢላ ትገድላታለች። ታላቅየዋ ሎሬታ፣ ታናሽየዋ ቨርኔል ነበሩ።

የሁለቱም ልብ ያለው ግን በመጋቢት በሚወጣው አዲሱ ሥራ ላይ ነበር። ጡረታ ልትወጣ የተቃረበች ዳኛ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ብቻዋን መድረክ ላይ ቆማ፣ ስትፈርድ የኖረችውን ሁሉ መልሳ የምትመረምርበት ነው። በነሱ ዕድሜ ላለች ሴት ከመድረክ የሚደርሳት ወይ አያትነት ነው ወይ ሬሳነት። እንዲህ ያለ ነገር ደግሞ በሕይወት አንዴ ይመጣል፤ ከዚያም ወደ ኒው ዮርክ ይሄዳል እየተባለ ነው። ሁለቱም ተፈትነዋል። ውጤቱ ሰኞ ይነገራል ተብሏል።

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ትርኢቱ ሊጀመር ሲል፣ መልበሻ ክፍል ውስጥ ቨርኔል በጨዋማ ዳቦ የተጠቀለለ የበሬ ሥጋዋን እየገመጠች፣

"ሰኞ ስልክ የሚጮኸው እኔ ቤት ነው፤ ከአሁኑ ተናግሬያለሁ፣ ኋላ እንዳትታመሚብኝ" አለች።

"አንቺ ቤት ከጮኸማ እገድልሻለሁ" አለች ሎሬታ፣ ከንፈሯን እየተቀባች።

"በየቀኑ እየገደልሽኝ አይደል እንዴ ሴትዮ? ምን ቀረሽ?"

የቨርኔልን የወገብ ማጥበቂያ ከኋላ ትጎትት የነበረችው አልባሽ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። የመድረክ ኃላፊዋ ግዌን ደግሞ በበሩ በኩል ስታልፍ ሰምታ፣ "እመቤቶች፣ መገዳደሉን ለሦስተኛው ገቢር አቆዩልኝ" ብላ ሄደች። ሁሉም ሳቁ።

በዚያ ተውኔት ሁለት ቢላዎች ነበሩ። አንደኛው እውነተኛ ነው፤ በመጀመሪያው ገቢር ቨርኔል ፖም ትልጥበታለች፣ ልጣጩም እየተጠማዘዘ ሲወርድ ተመልካች ያየዋል። ሁለተኛው የውሸት ነው፤ ሲነካ ስለቱ ወደ እጀታው ይገባል። ሁለቱ ከሩቅ ሲታዩ መንታ ናቸው።

የቅዳሜ ከሰዓት ተመልካች አብዛኛው ዕድሜው የገፋ ነው፤ ከረሜላ ይፈታል፣ ያስላል፣ ግን ቴአትር ያውቃል። ያን ቀን ደግሞ ሳሉም ጠፍቶ ነበር። ሦስተኛው ገቢር ላይ ቨርኔል ያን ረጅሙን ንግግሯን ጀመረች፤ ታላቅ እህቷን ስንት ዓመት እንደናቀቻት አንድ በአንድ የምትዘረዝርበትን። ሎሬታ ጀርባዋን ሰጥታት ቆማ ስትሰማ፣ 'ዛሬስ ምን ነክቷታል?' አለች በሆዷ። ቨርኔል እንደዚያን ቀን አድርጋ ተናግራው አታውቅም። አዳራሹ ትንፋሹን ውጧል።

ሎሬታ ዞር አለችና ቢላውን ከጠረጴዛው ላይ አነሣች።

ከበዳት።

የውሸቱ ቢላ እንደ ማንኪያ የቀለለ ነበር። ይሄ ከበደ፣ ቀዘቀዘም። 'ምንድነው ይሄ?' አለ ውስጧ። እጇ ግን የሰማ አልመሰለም። ስንት ሳምንት አንዱን መንገድ ሲመላለስ የከረመ እጅ ነው፤ መንገዱን ያውቃል፤ ሄደ።

ቨርኔል በልምምድም በትርኢትም አሰምታው የማታውቀውን ድምፅ አወጣች። ጩኸት አይደለም። በጨለማ ደረጃ የሳተው ሰው የሚያወጣት ዓይነት፣ ትንሽዬ ድምፅ። ከዚያ የሎሬታን ክንድ ያዘችና ቁልቁል አየች፤ ቀና ብላም ዓይን ዓይኗን አየቻት።

"ሎሬታ" አለች።

በተውኔቱ ውስጥ ሎሬታ የሚባል ሰው የለም።

የቨርኔል ቀሚስ ጎኑ ሲጠቁር፣ ጥቁረቱ ሲሰፋ አየች ሎሬታ። ቨርኔልን አቅፋ አብራት ወለሉ ላይ ተቀመጠችና፣ "መጋረጃ! መጋረጃውን ዝጉ! ሰው ጥሩ፣ ሐኪም ጥሩ!" ብላ ጮኸች።

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።

ሎሬታ ያን ጭብጨባ እስክትሞት አትረሳውም። ጮኸች፣ አጨበጨቡ። ለመነቻቸው፣ ብሰው አጨበጨቡ። ከፊት ረድፍ አንዲት ሴትዮ ወደ ባለቤታቸው ዘንበል ብለው፣ "ደሙን እንዴት እንደሚያደርጉት ግን!" ሲሉ በጆሮዋ ሰማች። ጭብጨባው የቆመው ግዌን በጥቁር የሥራ ልብሷ፣ የጆሮ ማዳመጫዋ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ሮጣ መድረኩ ላይ ስትወጣ ነው። ያኔ ሁሉም ገባው። አንድ ሰው ጮኸ። ከመካከላቸው ጡረታ የወጡ ነርስ ተነሥተው በዚያ ዕድሜያቸው መድረኩ ላይ ዘለው ወጡና ጨርቅ ይዘው ቁስሉን ተጫኑት።

ቨርኔልን አምቡላንስ ወሰዳት። ሎሬታ ያን የአሮጊት ቀሚስ እንደለበሰች፣ እጇ እንደቀላ፣ መርማሪ ፊት ተቀመጠች። ሰውዬው ረጋ ያሉ፣ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሰው ናቸው።

"ቢላውን ሲያነሡት የተለየ ነገር አልተሰማዎትም?"

"ምንም" አለች።

ቃሉ ከአፏ እንዴት እንደወጣ እሷም አላወቀችም። ልትመልሰው ስትል መርማሪው ቀጠሉ።

"ትርኢቱ ከመጀመሩ በፊት 'እገድልሻለሁ' ብለዋታል ይባላል። እውነት ነው?"

ሎሬታ ክው አለች። ይሄንን ማን ተናገረ? አብረው የሳቁት ሰዎች ናቸው! "ቀልድ ነበር" አለች። በዚያ ክፍል ውስጥ ቃሉ ለራሷም ጆሮ የውሸት ሆኖ ተሰማት።

ሆስፒታል ስትደርስ ኤመት ኮሪደሩ ላይ ተቀምጧል። የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ከነሥራ ልብሱ ነው የመጣው። ሌላ ጊዜ ሲያያት "ሎሪዬ" ብሎ ከወንበሯ የሚያነሣት ሰው፣ አጠገቡ ስትቀመጥ ተነሣና አንድ ወንበር አልፎ ተቀመጠ።

"ኤመት..."

"ቢላው ጉበቷን ለጥቂት ነው የሳተው አሉ" አለ ለግድግዳው። "የወገብ ማጥበቂያዋ ውስጥ ያለው ጠንካራ ዘንግ ባያስተው ኖሮ አልቆላት ነበር አሉ።"



በማግሥቱ ቨርኔል ራሷ አስጠራቻት። ፊቷ አመድ መስሏል፤ ክንዷ ላይ ቱቦ ተሰክቷል። ሎሬታ እጇን ልትይዝ ስትጠጋ፣

"መጀመሪያ በሩን ዝጊው" አለቻት። ዘጋችው።

"አውቀሽ ነው?"

ሎሬታ ጆሮዋን ተጠራጠረች። ደሙ ሲፈስ አይታለች፣ ሰው ሲያጨበጭብ ሰምታለች፣ መርማሪ ጠይቀዋታል። ይሄኛው ግን አጥንቷ ድረስ ገባ። ከሁሉም ሰው ትጠብቀዋለች፤ ከቨርኔል ግን አልጠበቀችም።

"እኔን ነው? ቨርን፣ እኔን ነው እንዲህ ብለሽ የምትጠይቂው?"

"አንቺን ነው። መልሱ አጭር ነው፤ አዎ ወይም አይደለም።"

"አይደለም!" አለች። ከዚያ እንደ ልጅነት ጓደኛ የምታውቀው ያ ፊት ሲያያት፣ ለመርማሪው የዋሸችው ቃል ትዝ አላት። "ግን ከበደኝ።"

"ምኑ?"

"ቢላው። ሳነሣው ከበደኝ። አወቅኩ... አላወቅኩም፣ ግን ከበደኝ። ግማሽ ትንፋሽ ቢሆን ነው። ከዚያ እጄ ሄደ። ማቆም ነበረብኝ፣ አላቆምኩም።"

ቨርኔል ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች።

"ሂጂልኝ" አለች።

ሎሬታ ከዚያ ወጥታ ቀጥ ብላ ፖሊስ ጣቢያ ሄደች፤ ለመርማሪውም የሸሸገችውን ሁሉ ነገረቻቸው። ይይዙኛል ብላ ነበር። ሰውዬው ጽፈው ሲጨርሱ መነጽራቸውን አውልቀው፣ "ወይዘሮ ኖቫክ፣ በግማሽ ትንፋሽ ማንም ታስሮ አያውቅም። ይሂዱ፣ ይተኙ" አሏት። አልተኛችም እንጂ።

ነገሩ እንዴት እንደሆነ በዚያው ሳምንት ተገለጠ። ቴአትር ቤቱ ለራሱ የሚያስቀረውን ቪዲዮ ግዌንና መርማሪው አብረው አዩት። በመጀመሪያው ገቢር መጨረሻ ቨርኔል እንደልማዷ እውነተኛውን ቢላ መሳቢያ ውስጥ ልትከት ስትሞክር መሳቢያው አልከፈት ይላታል። ቢላውን ጠረጴዛው ላይ ትታው ትወጣለች። በዕረፍቱ የውሸቱን ቢላ ሊያስቀምጥ የመጣው ሠራተኛ፣ ጠረጴዛው ላይ ቢላ አይቶ፣ ሌላው ባልደረባዬ አስቀምጦታል ብሎ ይመለሳል። በቃ፤ ይኸው ነው። ፖሊስ አደጋ ነው ብሎ ፋይሉን ዘጋ።

ፖሊስ ይዝጋ እንጂ ከተማው አልዘጋም። ሎሬታ ዳቦ ልትገዛ በገባችበት አንዲት ሴት ትክ ብላ አይታት ልጇን ወደ ጎኗ ሳበች። ከዚህም የባሰው ግዌን የነገረቻት ነው፤ ሰዉ ቲኬት ቢሮው ድረስ እየደወለ፣ "የቢላዋ ቴአትር መቼ ነው የሚቀጥለው? ሁለቱ ሴትዮዎች ራሳቸው ናቸው የሚሠሩት?" እያለ ይጠይቃል አሉ።

የቴአትር ቤቱ ኃላፊ ዴክላን የደወለላት ሐሙስ ነው።

"ሎሬታ፣ እውነቱን ልንገርሽ። ለዳኛዋ የወሰንነው ከአደጋው በፊት ዓርብ ዕለት ነበር። ቨርኔል ነበረች። አሁን ሐኪሞቿ እስከ ፋሲካ መድረክ ላይ አትቆምም ብለዋል። አንቺ ትሠሪዋለሽ?"

ሎሬታ ስልኩን እንደያዘች ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ቁጭ አለች። የቨርኔል ነበር። የሷን ዕድል ነው የወጋችው። "አልሠራም" አለች። "ሌላ ፈልጉ። እኔን ተዉኝ።" ዘጋችው።

ቨርኔል ከሆስፒታል ወጥታ ቤቷ በገባች በሦስተኛው ቀን ደወለች። "ነይ" ብቻ ነው ያለችው።

በሩን የከፈተው ኤመት ነው። ኮቷን ተቀበላት፣ "ግቢ" አላት፣ ወደ ወጥ ቤት ሄደ። ቨርኔል ሶፋው ላይ በትራስ ተደግፋ፣ ብርድ ልብስ ጉልበቷ ላይ ጥላ ተቀምጣለች። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ፤

"እምቢ አልሽ አሉ" አለቻት።

"አዎ።"

"ለምን?"

"ያንቺ ነዋ! እንዴት አድርጌ ነው የምሠራው? ሰውስ ምን ይላል?"

"ሰውማ እያለ ነው፤ ብትሠሪም ባትሠሪም። እሺ ማን ይሠራው?"

"እኔ ምን አውቃለሁ?"

"እኔ አውቃለሁ። ከቺካጎ ሊያስመጡ ነው።" ቨርኔል ለመነሣት ሞከረች፣ ስፌቱ ያዛትና ፊቷን አኮሳትራ ተመለሰች። "ስሚ እንግዲህ ሎሬታ ኖቫክ! እኔ ሆዴን የተቀደድኩት የቺካጎ ሴትዮ እንድትቆምበት ነው? ነው ወይ?"

"ቨርን፣ በእግዚአብሔር፣ አትጩኺ፣ ቁስልሽ..."

"ቁስሌ የኔ ነው! ይቅርታ እንዳይመስልሽ ደግሞ። ይቅር አላልኩሽም። ትሠሪዋለሽ፤ እኔ ደግሞ ፊት ለፊት ተቀምጬ አይሻለሁ። የሚቆረቁርሽ ከሆነ ይቆርቁርሽ።"

ሎሬታ እንባዋ መጣ። "እኔ እኮ ከበደኝ ብዬሻለሁ። አውቄ ነበር ማለት ይቻላል። እንዴት ዓይኔን ታይዋለሽ?"

ቨርኔል ብርድ ልብሱን ሳታስተውል ታጥፈውና ትዘረጋው ጀመር።

"አይቼዋለሁ" አለች በመጨረሻ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

"ምኑን?"

"ቢላውን። ስታነሺው መብራቱ አረፈበትና አብለጨለጨ። የውሸቱ አያብለጨልጭም፣ ቀለም ነው። እውነተኛው መሆኑን አየሁ።"

"አየሽ? አይተሽ ነበር?" አለች ሎሬታ።

"አየሁ። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብል መድረኩ ላይ ከኋላዬ የነበረው ሶፋ ላይ እወድቅ ነበር፤ እዚያው ያልቅ ነበር።"

"ታዲያ ለምን አላልሽም?"

"ንግግሬን አልጨረስኩማ!" አለች ቨርኔል፤ እንደ መቆጣትም እንደ ማልቀስም አደረጋት። "ሁለት ቃል ቀርቶኝ ነበር። ሰዉ ትንፋሹን ይዟል። እንደዚያ መጥቶልኝ አያውቅም፣ ሎሬታ፤ በዚህ ሁሉ ዓመት አንድም ቀን እንደዚያ መጥቶልኝ አያውቅም። 'ሎሬታ ታውቀዋለች፣ እሷ ታቆመዋለች' አልኩ በሆዴ። እሱን አልኩና ሁለቱን ቃል ተናገርኩ።"

ስንት ቀን ሎሬታን ሲያሳድዳት የነበረው ያ ግማሽ ትንፋሽ፣ ከወዲያ በኩልም ነበር ማለት ነው። ያን ጊዜ ሁለቱም ቆመው ተያይተዋል፤ ሁለቱም አውቀዋል፤ አንዳቸውም ግን መጋረጃው ይዘጋ አላሉም።

"ታዲያ 'አውቀሽ ነው' ብለሽ የጠየቅሽኝ ለምንድነው?"

"እብዷ እኔ ብቻ መሆን አለመሆኔን ላውቅ።"

"አንቺ ሴትዮ... ልትሞቺ ነበር እኮ!"

"አውቃለሁ።"

"ለሁለት ቃል!"

"ጥሩ ሁለት ቃል ናቸው" አለች ቨርኔል። ይሄን ብላ ራሷ ደነገጠች፤ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

ሁለቱም በሩ ላይ የቆመውን ሰው ያዩት ያን ጊዜ ነው። ኤመት ሾርባ በሳህን ይዟል። ስንቱን እንደሰማ ፊቱ ይናገራል። ሚስቱን አየ፣ ሎሬታን አየ፣ እንደገና ሚስቱን አየ።

"ሁለታችሁም" አለ። "ሁለታችሁም እኮ..."

ሾርባውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፣ ኮቱን ደረበ፣ ወጣ። በመስኮቱ ሲያዩት አካፋ ይዞ በረዶ ይዝቃል። የራሱን ደጅ ጠዋት ጨርሶታል፤ ስለዚህ የጎረቤቱን ጀመረ፣ ከዚያ የጎረቤቱን ጎረቤት። ሴቶቹ ተቀምጠው አዩት። አንዳቸውም አልሳቁም። ሾርባው እዚያው በረደ።

ሎሬታ ዳኛዋን ሠራቻት። በመክፈቻው ቀን ቨርኔል እንዳለችው ፊት ረድፍ ላይ ተቀምጣ፣ ከዘራዋን ጉልበቷ መሀል አቁማ፣ ዓይኗን ሳትነቅል አየቻት። ጭብጨባው ሲመጣ ሎሬታ ሽምቅቅ አለች፤ መጎንበስ አቅቷት ቆመች። ሰዉ ትሕትና መሰለው፣ የባሰ አጨበጨበ። መልበሻ ክፍል ሲገናኙ ቨርኔል፣ "መሀሉ ላይ ትሮጫለሽ፤ ምን ያስሮጥሻል? ማን ተከተለሽ?" አለቻት። እሷ ስታሞግስ እንዲህ ነው። ሥራው እንደተባለውም ኒው ዮርክ ገባ፤ ሎሬታ ግን አልገባችም። እዚያ ያሉት ሰዎች በቴሌቪዥን የምትታወቅ ሴት ይሻለናል ብለው ሌላ ወሰዱ። ይሄን ሲሰሙ ቨርኔል የተሳደበችው ስድብ በምንም ወረቀት የሚጻፍ አይደለም።

በመስከረም አዲሱ የትርኢት ጊዜ ሲጀመር ዋርዴል ሁለቱንም በአንድ አስቂኝ ሥራ ውስጥ መደባቸው፤ ድሮ ሰው ብዙ የሳቀበት፣ እንደገና የተነሣ ሥራ ነው። ኤመት ግን ከዚያ በኋላ ቴአትር ቤቱን ረግጦት አያውቅም። ቨርኔልን በመኪና ያደርሳታል፣ ከመንገዱ ማዶ ያቆማል፣ ሞተሩን ሳያጠፋ እስክትወጣ ይጠብቃታል። አንድ ቀን ዝናብ ሲጥል ሎሬታ ጃንጥላ ይዛ ሄደችና መስኮቱን አንኳኳች።

"ግባ እንጂ ኤመት። ይሄኛው እኮ የሚያስቅ ነው። ማንም አይሞትበትም።"

ኤመት መስኮቱን ትንሽ ዝቅ አደረገ።

"እናንተ ሂዱ፣ ሥሩ" አለ። "እኔ እዚህ እሆናለሁ። ሁለታችሁም በእግራችሁ ስትወጡ ካየሁ ይበቃኛል።"

መስኮቱን መልሶ ዘጋው። ሎሬታ ጥቂት እንደቆመች ትርኢቱ ሊጀመር ነው የሚለው ደወል ከውስጥ ተደወለ፤ ጃንጥላዋን አጥፋ ወደ በሩ ሮጠች።